ሰው አይመርጣትም

ሮማንወርቅ የአውቶቡስ ሹፌር በነበረችበት ዘመን ሁለት የአገሯን ሰዎች ፌርማታ ላይ ጥላ ሄዳለች። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ነፍሱን ይማረውና ጓደኛዬ ገብረ መድኅን ነው። ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ተከፈተ። እሱ «ቅደም» አለኝ። «አንተ እያለህማ አይሆንም» አልኩት። «በሞቴ» አለ። «ስሞት» አልኩ። ከመሪው ኋላ የተቀመጠችው ጠይም ሴት ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አባቶቼ፣ ትገባላችሁ ወይስ ልዝጋው?» አለችን። ደነገጥን፤ ደንግጠንም አንዳችን ለሌላው እንደገና እጃችንን ዘረጋን። ዘጋችው። በመስኮቱ ሳያት እንኳ አልሳቀችም።

ሌላ ቀን ስንሳፈር አፍ አውጥቼ ወቀስኳት። «ጋሼ፣ እናንተ ስትከባበሩ ከኋላዬ ሥራ የሚረፍድበት ሰው ሞልቷል» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አከብራታለሁ።

በሱዳን አድርጋ የመጣች የደሴ ልጅ ናት። መጀመሪያ ባተርሲ በሚባል ሰፈር ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ ንጋት ላይ ወደ ሥራ የሚወስዷትን አውቶቡሶች እያየች «ይህንንስ እኔም እነዳዋለሁ» አለች፣ ነዳችውም። ሃያ ዓመት ያህል። ጡረታ ስትወጣ የሰፈራችንን የአዛውንቶች አዳራሽ ቁልፍ ተረከበች። ያበሻ አዳራሽ አይደለም፤ የጃማይካው፣ የቱርኩ፣ የአይሪሹ፣ የእኛም ሽማግሌና አሮጊት የሚሰበሰብበት፣ ማሞቂያው ደህና የሚሠራ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ነው። የአካባቢው አስተዳደር ሊሸጠው ወሰነ። ሮማንወርቅ ስብሰባ ለስብሰባ ዞረች። በየሄደችበት የሚሰጧት መልስ አንድ ነበር፤ ጉዳዩን የሚወስኑት የተመረጡ ሰዎች ናቸው። «እንግዲያው እመረጣለሁ» አለች።

ዕድሉም አልጠፋም። በሰፈራችን የምክር ቤት አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ወንበሩን ይዞት የነበረው ፓርቲ ዕጩውን ለብቻው ከመምረጥ ይልቅ የተመዘገቡ ነዋሪዎች በስልካቸው ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ። እዚህ ሰፈር ያ ፓርቲ መጥረጊያ ዕጩ አድርጎ ቢያቆም መጥረጊያው ያልፋል። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ ይኸው የዕጩዎቹ ምርጫ ነበር። ሦስት ሰዎች ቀረቡ፦ አንድ ወጣት ጠበቃ፣ አንድ የቀድሞ የምክር ቤት አባልና ሮማንወርቅ። እሁድ ከሰዓት በአካባቢው ቴሌቪዥን ተከራከሩ።

ሳዶቅ የሚባል ጎልማሳ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል በኢንተርኔት የሚተላለፍ የአማርኛ ቴሌቪዥን አለው። ክርክሩን እየተረጎመ ሊያሳይና በመጨረሻ «ዳኞች» ሊያስፈርድ አሰበ። እኔ በሽበቴና ፍልስፍና ተምሯል በመባሌ ተጠራሁ። ሁለተኛው ዳኛ መርዕድ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የምርጫ ወሬ የማያመልጠው፣ በአገር ቤትም በአሜሪካም በእንግሊዝም ማን እንደሚያልፍ ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው።

አወያይዋ ስለ አዳራሹ ሽያጭ ጠየቀች። ጠበቃው ስለ ዘላቂ መፍትሔና ስለ ባለድርሻ አካላት ተናገረ፤ ነጭ ጥርሱን እያሳየ ምንም አላለም። የቀድሞው አባል «አጥንቼ እመለስበታለሁ» አለ። ዓመታት ሙሉ እዚያው ምክር ቤት ተቀምጦ ያላጠናውን። ከዚያ ሮማንወርቅ ተነሣች።

«አውቶቡስ ስነዳ፣ በክረምት ከመነሻው ገብተው እስከ መጨረሻው የሚቀመጡ፣ እንደገና አብረውኝ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ወዴት ነው የምትሄዱት ስላቸው፣ የትም ይሉኛል። ቤታቸው ይበርዳል፤ የሚያናግራቸው የለም። አውቶቡሱ ይሞቃል፤ ሰውም አለበት። አዳራሹ ሲከፈት እነዚያን ሰዎች ከአውቶቡሴ አጣኋቸው። ጡረታ ወጥቼ ስመጣ እዚያ አገኘኋቸው፤ ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ። ሽጡት። ወደ አውቶቡሱ ይመለሳሉ፤ እስኪሞቱ ይዞራሉ።»

መርዕድ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አይካድም።

በመጨረሻ አወያይዋ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ ከአጠገብዎ ካሉት ይልቅ እርስዎን ለምን እንምረጥ? ጠበቃው ራሱን አሞገሰ፤ ያኛውም እንደዚሁ። ተራዋ ሲደርስ ሮማንወርቅ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እነሱም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ራሴ ምን እላለሁ? የሚያውቁኝ ይናገሩ» አለች። በእኛ ጆሮ ይህ ጨዋነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ይለመናል፣ ይጎተታል፣ በግድ ከፊት ይቀመጣል። ጠበቃው ግን ፈገግ ብሎ፣ «ስለ ሰጡኝ ድጋፍ አመሰግናለሁ» አለ። ተመልካቹ ሳቀ። ድምፅ መስጫውም ወዲያው ተከፈተ።

«ዳኞቻችን» አለ ሳዶቅ ወደ እኛ ዞሮ፤ «ክርክሩን ማን አሸነፈ?»

«እሷ» አለ መርዕድ ሳያመነታ። «በሰፊው።»

«ጋሽ ዓባይ?»

«እሷ።»

«እሺ፣ ማን ይመረጥ?»

«ጠበቃው» አለ መርዕድ።

«አሁን እሷ አላልክም?» አልኩት።

«ጋሽ ዓባይ፣ ማሸነፍ ሌላ፣ መመረጥ ሌላ። ሴትዮዋ ኤሌክተብል አይደለችም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው አይመርጣትም ማለት ነው። አነጋገሯ፣ ዕድሜዋ፣ ያ ሹራብ! መጨረሻ ላይማ ጉድ ሠራችን። እኔ በበኩሌ እንደ እናቴ ነው የምወዳት። ግን ድምፄን አላባክንም። እንደተከፈተ ለጠበቃው ሰጥቻለሁ።»

ይህ ሰው የሚባለው ማነው? ዕድሜዬን ሙሉ ፈራሁት እንጂ አይቼው አላውቅም። ልጅ ሳለሁ «ሰው ምን ይላል» እየተባልኩ አደግኩ። ይህንኑ ሰው ፈርቼ ያልተናገርኩት፣ ያላገባሁት፣ ያልሄድኩበት ብዙ ነው። ሁላችንም ተሰደድን፤ በረሃ ቆረጥን፤ እሱ ግን ፓስፖርት ሳይጠየቅ ከእኛ ቀድሞ ለንደን ገባ። ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ድምፅ መስጫ ላይ አልተመዘገበም፤ ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ይሉኝታ ስንለው የኖርነውን ነገር መርዕድ ዛሬ እንግሊዝኛ ካባ አልብሶ የምርጫ ትንተና አደረገው። በፍልስፍና ክፍል ስለ ሌሉ ነገሮች ብዙ ተከራክረናል። የሌለ ነገር እንዲህ ቁልፍ ቀምቶ በር ሲዘጋ ግን አላየሁም ነበር።

ለተመልካቾች ስልኩ ተከፈተ። መጀመሪያ ወርቅዬ ነበረች፤ ከአዳራሹ ማዶ የምትኖር፣ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር።

«ጌታ ይባርካችሁ። ሮማኔ ልቤን ነው የነካችው። አለቀስኩ። ግን ሰው አይመርጣትም።»

«አንቺስ?» አልኩ።

«እኔማ ብችል እመርጣት ነበር።»

«ምን ከለከለሽ?»

«ካላለፈች ምን ያደርጋል፣ ጋሼ? ከሚያልፈው ጋር ብሆን ይሻላል ብዬ…»

ቀጥሎ ወንድይራድ የሚባል ሰው ከለንደን ሌላ ጫፍ፣ ከስትሪትሃም ደወለ።

«ወንድሜ፣ እዚያ ሆነህ እዚህ መምረጥ አትችልም» አለው ሳዶቅ።

«አውቃለሁ፤ ትንተና ልስጥ ብዬ ነው። ፈረንጅ እሷን አይመርጥም።»

«ፈረንጆቹን ጠይቀሃቸዋል?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ፈረንጅ አላውቅም።»

መርዕድ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ሌላ ደወለ፣ ሌላም። ሁሉም ይወዷታል። ሁሉም ጸልየውላታል። ሁሉም «ሰው አይመርጣትም» ይላሉ። «እርስዎስ?» ስል «እኔማ…»። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታሁት። «ስሙ!» አልኩ ካሜራውን እያየሁ። «እኔ ሰው ነኝ። መርጫታለሁ። ከእናንተም ሰው ነኝ የሚል ካለ ስልኩን ያንሣና ይጫን። ሌላ ሰው የለም! ከኋላችሁ ዙሩና ፈልጉት፤ ማንም የለም!»

ሳዶቅ ደስ አለው፤ ተመልካች ሲጨምር ስክሪኑ ላይ ይታየዋል። «አንድ ደዋይ አለን» አለ። «ሄሎ? ማን ልበል?»

«ሮማንወርቅ ነኝ።»

ከድምፁ ጋር የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል። በስልኳ እያየችን በአውቶቡስ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ደምዎን አያፍሉ። እነሱም አይወቀሱ።»

«እንዴት አይወቀሱ?»

«እኔም እኮ ድምፄን ለጠበቃው ሰጥቻለሁ።»

ሳዶቅ ከስክሪኑ ቀና አለ።

«ለማን?» አልኩ።

«ራሴን ልምረጥ እንዴ? ነውር አይደለም? ደግሞስ ሰው…»

«አትጨርሺው!» ብዬ ጮህኩ። «መልሺው! አሁን ቀይሪው!»

«አንዴ ከተጫኑት አይቀየርም፣ ጋሼ።»

ሳዶቅ የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ አስገባ። ማይክራፎኑን ከደረቴ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና ደረጃውን ወረድኩ። መርዕድ ከኋላዬ «ጋሽ ዓባይ፣ ስኳርዎን ያስቡ እንጂ!» ይለኛል።

ሐሙስ ውጤቱ ተነገረ። ጠበቃው አለፈ። ልዩነቱ በአንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ከሚቆመው ሕዝብ ያንሳል። ያን ዕለት እያለቀሱ የደወሉት ብቻ ቢመርጧት ኖሮ፣ ከነዘመዶቻቸው፣ ታልፍ ነበር። መርዕድ ደወለልኝ። «አላልኩም?» አለ። ቤቱን በእሳት ለኩሶ «ይቃጠላል ብዬ ነበር» የሚል ሰው ነቢይ ይባላል? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እስካሁን አላነጋግረውም።

በማግሥቱ አዳራሹን ቆልፋ ስትወጣ ፌርማታው ላይ አገኘኋት። ዝናብ ያካፋል። ቁልፉን በእጇ ይዛ መጣች፤ ሰላም ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልመለስኩም።

«ተቆጥተውኛል» አለች።

«ተቆጥቻለሁ። ሁለት ሽማግሌ ቅደም፣ አትቅደም ሲባባሉ በር ዘግታ የሄደችው ሴት አንቺ አልነበርሽም?»

«ያኔ መሪው እጄ ላይ ነበር። ሥራዬ ነበር።» ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ሥራን መሥራት አያሳፍርም፣ ጋሼ። ሥራውን ለእኔ ስጡኝ ማለት ነው ያቃተኝ። ያቺ ሴትዮ ለምን እንምረጥዎ ስትለኝ፣ አንዴ እንቢ ብል እንደገና ትለምነኛለች መሰለኝ። ተመልካቹ አንቺው ሁኚ የሚለኝ መሰለኝ። ጠበቅኋቸው እኮ! እነሱ ግን አንዴ ጠይቀው አለፉ።»

«ድምፁስ? ስልኩን ስትጫኚ ማን አየሽ? ብቻሽን አልነበርሽም?»

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች። «ግን አፈርኩ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ወጣት ነው። በሩ ተከፈተ። ሮማንወርቅ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ እጇን ዘረጋች።

«ይቅደሙ፣ ጋሼ።»

«ግቢ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እያሉ…»

«ግቢ አልኩሽ!»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሹፌሩ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እሷ የእሱን እጅ አየች፤ ከእኔ ይልቅ ያንን እጅ ታውቀዋለች። ገባች። ተከተልኳት።

ጥቂት ፌርማታ ተቀምጠን ሄድን። መስኮቱ ጉም ለብሷል።

«በሚቀጥለው ምርጫ» አለች ሳትዞር፣ «ራሴን እመርጣለሁ።»

ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ጎሽ ይላት ነበር።

«እስከዚያ አዳራሹ የለም» አልኳት።