አባቴ እየሰማ የተለቀሰለት ልቅሶ

አባቴ ከዘመቻ የተመለሰው ብቻውን ነው። ሲሄድ ታላቅ ወንድሜን ይዞት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እናቴን አያት፣ ከዚያ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። የልጁን ነገር አልተናገረም፤ ሌላም ነገር አልተናገረም። እናቴ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ ጮኸችበት። በኋላ ቆጮውን ጠዋት ከጎኑ እያስቀመጠች፣ ማታ ሳይነካ ታነሳው ጀመር። ከውሃ በቀር የሚቀምሰው የለም። የጎድን አጥንቱ ከልብሱ ሥር መታየት ሲጀምር፣ ልጅ ብሆንም አንድ ነገር ገባኝ፤ እናቴ ባሏን ልታጣ ነው፣ ባሏም የልጇን ወሬ ይዞባት ሊሄድ ነው። ልጇ ይሙት ይኑር አታውቅም። ልታለቅስለትም ልትጠብቀውም አልቻለችም።

ጣሊያን ሶዶ ገብቶ ነበር። ቤታችን ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር ስለሆነ የወታደሩን ኮቴ ተኝተን እንሰማዋለን። ሰው ተሰብስቦ ከታየ መጥተው ስለሚበትኑ፣ የሜዳው ልቅሶ ቀርቶ ሁሉም ሟቹን በየጓዳው በሹክሹክታ ያለቅስ ነበር።

ጎረቤታችን ከጉኑኖ ተድራ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ አስለቃሽነት ነው። በልቅሶ ሜዳ መካከል ቆማ የሟቹን ጠባይና ሙያ እየጠራች ሰውን ታስለቅሳለች። በእኛ ሰፈር አስለቃሽ ስትሳሳት ዝም አይባልም። የሟች ወገን ከተቀመጠበት ያርማታል፤ እሷም እርማቱን ተቀብላ እንደገና በዜማ ታነሳዋለች። ስለ ሟች ሐሰት ሲነገር ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት ሙቿ፣ ማለት በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ በሳህን ይዛ መጣች። እናቴን ሰላም ሳትል ከአባቴ ጀርባ ቁጭ አለች።

«ሟች በዝቶ ልቅሶ ጠፋ፤ እኔም ሥራ ፈታሁ» አለችው። «አንተ ደግሞ ልትሞት ወስነሃል አሉ። እንግዲህ አፌ ዝጎ ከሚቀር በአንተ ልለማመድ። መቼም ቅር አይልህም፤ ሟች ቅር አይለውም።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለች እናቴ።

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦ «ወዮ የኔ ሟች! ዕድሜውን ሙሉ እንሰት ተክሎ አንድ መስመር ቀጥ ብሎለት የማያውቅ! በሬ ሊገዛ ወርዶ አንካሳውን መርጦ የሚመጣ! ሲዘፍን የጎረቤት ውሻ አገር ጥሎ የሚሄድ!»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

በማግስቱም መጣች፣ በሌላውም ቀን። «እንዴት አደርክ የኔ ሟች? ዛሬ ባሰብህ ወይስ እንደ ትናንቱ ነው የሞትከው?» ትለዋለች። ይህን ሁሉ የምትለው በወላይትኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ያልነበረው ጨዋነት ይጨመርበታል። አባቴ አይዞርም። እሷ እንሰቱን ታነሳለች፣ በሬውን ታነሳለች፣ ውሻውን ታነሳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከግድግዳው በኩል ድምፅ ተሰማ።

«በሬው አንካሳ አልነበረም።»

«ሬሳ አይናገርም!» ብላ ተቆጣችው። «ልቅሶዬን አታበላሽብኝ።»

«እሾህ ወግቶት ነው። አወጣሁለት።»

«አንካሳ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።»

«ሰፈሩ ምን ያውቃል!» ብሎ ዞረ።

ሲዞር ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። «እየበላህ ተቆጣ። በባዶ ሆድ ቁጣ አያምርብህም።»

በላ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ባነበብኳቸው መጻሕፍት፣ አእምሮው የታመመን ሰው እየቀለዱና እየተነኮሱ ማዳን እንደሚቻል ተጽፎ አግኝቻለሁ። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ቀልዱ ብቻ አልነበረም። ሴትየዋ ስትሳደብ ዓይኗ ከአባቴ እጆች አይነሳም ነበር፤ ጣቶቹ ሲጨበጡ በሬውን ትታ ወደ ውሻው ትሄዳለች። ደግሞ የምትሰድበው በሚችለው ነገር ነው። የአባቴ እንሰት በተወጠረ ገመድ ላይ የተተከለ እስኪመስል ቀጥ ያለ ነበር፣ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ስድቧ በሙሉ ምስጋና ነበር፤ ምስጋናውን አውጥቶ የሚናገረው ግን እሱ ራሱ መሆን ነበረበት። የወንድሜን ስም አንድም ቀን አልጠራችም።

አባቴ መብላትና መከራከር ጀመረ። ስለ ልጁ ግን ምንም። እናቴ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ሴትየዋን ያዘቻት።

«የልጄንም ጠይቂልኝ።»

«ገና ነው፤ አልጠነከረም።»

«እኔስ? እኔን ማን አየኝ?»

በማግስቱ ሴትየዋ ገብታ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ዛሬ የሟቹን ልጅ ላነሳ ነው» አለች። «ያ ቀበጥ! አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ያደረገ! የሀብታም ልጅ አግብቶ፣ ጠጁን እየጠጣ እናቱን የረሳ!»

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

አባቴ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«ጫማ የለውም» አለ። «እግሩ ቆስሎ መራመድ አቃተው። ዛፍ ሥር አስቀምጬው ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። አውሮፕላን መጣ። ስመለስ ዛፉም የለም።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«አልረሳሽም። ስለ አንቺ ነበር የሚያወራው።»

አስለቃሿ እርማቱን ማንሳት ነበረባት።

«አንሺው እንጂ» አለቻት እናቴ በዝግታ። «ታርመሽ የለም?»

«አልችልም፣ እህቴ።»

እናቴ ራሷ አነሳችው። ወታደሩ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጫማ የለውም፣ ጫማ የለውም፣ እያለች። ከዚያ ያለፈ ቃል አላገኘችም።

አባቴ ወደ እንሰቱ ተመለሰ። በእሱ ቦታ ግድግዳው ሥር እናቴ ተቀመጠች። ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ሳህን ይዛ መጣችና «እንዴት አደርሽ የኔ...» ብላ ጀመረች።

«በእኔ አትለማመጂ» አለቻት እናቴ።

ሴትየዋ አፏን ዘጋች። አልሄደችም ግን። በየቀኑ እየመጣች ከእናቴ ጎን፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ስትውል ማየት ያስፈራኝ ነበር።

«ዛሬም ዝም ነው?» አለች እናቴ አንድ ከሰዓት በኋላ።

«ዝም ነው።»

እናቴ ከሳህኑ ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ብዙ አላመጠችው። መዋጥ አቅቷት መዳፏ ላይ ተፋችው፣ የት እንደምታደርገውም አላወቀችም። ጎረቤታችን እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።