ዘላለም ያገናኘው ሰርቨር

ዘላለምን ቆቦ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ሳይታወቅ ማለፍ አይሆንለትም። አስፋልቱ በሚግልበት ወር እንኳ ኮቱን አያወልቅም። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ በስልክ «ሰርቨሩ፣ ሰርቨሩ» ሲል ተሳፋሪ ሁሉ ይሰማዋል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ማን እንዳለ ግን ተሰምቶ አያውቅም። ባሕር ዳር ሄዶ አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ወስዶ ሲመለስ እናቱ ድንኳን ጥላ ደገሰችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው ጋር ሲያወራ አገጩ ወደ ላይ ነው።

እኔና እሱ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ የምንሠራውም አንድ የመስኖ ማኅበር ቢሮ ውስጥ ነው። ማኅበሩ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እየሳበ ለገበሬው በተራ ያድላል። ተራው የሚመዘገበው ወልድያ ባለ ሰርቨር፣ መዝገቡን ሁሉ በሚይዝ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። የፓምፕ ሠራተኞቹ በየስልካቸው ከዚያ እያዩ ለባለተራው ይከፍታሉ።

አምና ዘላለም የቢሯችንን ኮምፒውተሮች ከዚህ ሰርቨር ጋር እንዲያገናኝ ታዘዘ። ተራውን እኛም አክሰስ በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ እንድናየው ነው። ከወልድያ ለማየት ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቃል ላኩለት። ሥራው ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ እሱ ግን ክብሩ ተነካ።

«እኔን እንደ ለማኝ በር ላይ ያቆሙኛል እንዴ!» አለ።

እየደወለ ነዘነዛቸው፤ ሁሉንም የሚያስደርገውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በራሱ ስም እስኪሰጡት አልተዋቸውም። የሁላችንንም ኮምፒውተር በዚያው ቃል አገናኘ። ሠንጠረዡ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እጁን ኪሱ ከትቶ ጭብጨባ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ደመቀች አጨበጨቡለት።

ጸሐፊያችን ራቢዓ ግን ጥያቄ ነበራት።

«አቶ ዘላለም፣ እዚህ ብሰርዘው እዚያም ይሰረዛል?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ወደ እኛ ዞሮ ሳቀ። «ቆቦ ተቀምጠሽ የወልድያውን ልትነኪ? ይሄ ጥላው ነው። የሰው ጥላ ብትረግጪ ሰውየውን ያመዋል?»

እውነቱን ለመናገር መልሱን አያውቀውም ነበር። አላውቅም ከማለት ግን ሞት ይሻለዋል።

ግንቦት ላይ ማኅበሩ ውኃ ከሚያድላቸው ቀበሌዎች የአንዱ፣ የሮቢት ገበሬዎች ተራ ብቻ እንዲታተም ተፈለገ። ራቢዓ የቀረውን ሁሉ ሰርዛ የሮቢቱን አተመች። በማግስቱ የሌላው ቀበሌ፣ የጎብዬ ፓምፖች ጸጥ አሉ። ሠራተኞቹ ስልካቸውን ቢከፍቱ የአንድ ገበሬ ስም የለም። ያለ ተራ መክፈት ደግሞ ጠብ መጫር ስለሆነ የደፈረ አልነበረም።

ጸሐዩ እየበረታ ሄደ። ታሂር የሚባሉ የጎብዬ ሽማግሌ አንድ እቅፍ የጠወለገ ሽንኩርት ይዘው ቢሯችን ገቡና ዘላለም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት።

«ልጄ፣ ውኃዬን የት አደረስከው?»

«አባቴ፣ እኔ አይደለሁም። ይቺ ናት ያጠፋችው» አለና ጣቱን ወደ ራቢዓ ቀሰረ። «ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው እያስቀመጡ!»

የራቢዓ ፊት ዐመድ መሰለ። «ጥላው ነው አላሉኝም?»

«እኔ? መቼ?»

«ወላሂ ብለውኛል!»

«ብለሃታል፤ ሁላችንም ሰምተናል» አልኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጭራሽ እኔን ምቀኛ አለኝ።

ወይዘሮ ደመቀች ወልድያ ደወሉና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሰርቨሩ ባለሙያ ፈልጎ አየና፣ «የጠፋው በአቶ ዘላለም የይለፍ ቃል ነው» አለ። «ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት ነግረናቸው ነበር፤ በእሱ የገባ ሰው...»

ዘላለም እጁን ልኮ ስልኩን ዘጋው። «ኔትወርክ ነው» አለ፤ እያየነው!

ወይዘሮ ደመቀች እንደገና ደወሉ። በዚህኛው ጊዜ ስልኩን ከእጃቸው አላወጡም። ወልድያዎቹ ተራውን ካስቀመጡት ቅጂ መለሱት። ፓምፑ እስኪነሣ ግን የታሂር ሽንኩርት አልጠበቀም። ሽማግሌው በበሬ አርሰው ገለበጡት።

ራቢዓ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ማሳቸው ድረስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«አንቺማ ምን አጠፋሽ» አሏት፤ «የተባልሽውን ነው የሠራሽው። ያን ባለ ኮት አላህ ይይለት ልል ነበር፤ አላህስ ይሄን ምን ብሎ ያየዋል!»

ዘላለም ያን መንገድ አልሄደም። የይለፍ ቃሉን ነጠቁትና እንደ ሁላችን አይቶ ብቻ የሚያልፍ ሆነ። ለሚጠይቀው ሁሉ «ወልድያዎቹ ሥራ አይችሉም» ይላል። ታሂር ለጉዳይ ቢሮ ሲመጡ ከሩቅ ያያቸውና በጓሮ በር ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለዕድገት አመልክቷል።