ፀሐይ ላይ የዋሉት አንቲቦዲዎች

ሰው መናቅ ይቀናኛል። ሰቆጣ ተመድቤ በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት ያልናቅሁት የሥራ ባልደረባ ቢፈለግ የግቢው ዘበኛ ብቻ ነው የሚገኘው፤ እሱም ከእኔ ጋር ብዙ ስለማያወራ ነው የተረፈው። አለቃዬን ግን በደስታ ነበር የምንቀው። ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ደመወዙ ሳይሆን የሱን አዲስ ጅልነት ለማየት ያለኝ ጉጉት ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። የተመደብኩበት ፕሮጀክት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ ሰዎችን ደም የሚያጠና ሲሆን፣ ቤቱም ከአንድ ነጋዴ የተከራየነው ግቢ ነበር። የምንቆጥረው ረዳት ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሌሎቹን የሰውነት ተከላካዮች እየቀሰቀሱ ያዘምታሉ፤ ቫይረሱም መርጦ የሚያጠፋው እነሱን ነው። ቁጥራቸው ከፍ ካለ ሰውየው ደኅና ነው፣ ካሽቆለቆለ ያሰጋል። ችግሩ በማየት ብቻ ከሌላው ሕዋስ አለመለየታቸው ነው። ስለዚህ ደሙ ላይ አንቲቦዲ እንጨምራለን። አንቲቦዲው ረዳት ሕዋሱን ብቻ ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ አንቲቦዲው ላይ የተያያዘው ቀለም በማሽኑ ብርሃን ሲመታ ይበራል፤ ማሽኑም የበራውን ይቆጥራል። አንቲቦዲው የሚጠይቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜና ጨለማ። ፀሐይ ካገኘው ቀለሙ ይሞታል። ቀለሙ ከሞተ ደግሞ ሕዋሱ እያለ ማሽኑ የለም ይላል።

ይህን በግማሽ ገጽ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አለቃዬ፣ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ማለት ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አላነበበውም። እሱ የሚያነበው የስብሰባ ጥሪ ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት ክራቫት ያስራል፤ "ከዚህ አንጻር" ሳይል አረፍተ ነገር አይጨርስም፤ ደም ሲያይ ደግሞ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለውን ሰው የደም ጥናት ላይ የሚሾም ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አዲሱ አንቲቦዲ የመጣ ጊዜ የሆነው እንግዲህ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ዕቃ ዝም ብሎ አይገባም፤ ይመረቃል። ወንበር ቢሆን ይመረቃል፣ የእጅ መታጠቢያ ቢሆን ሪባን ይቆረጥለታል። አለቃዬም "የርክክብ ሥነ ሥርዓት" የሚል ባነር አሠራ፤ ድንኳን አስተከለ፤ ከበላይ እንግዶች ጠራ፤ ለቡራኬም የከተማውን አንድ መሪጌታ ጋበዘ። አንቲቦዲዎቹ የመጡት በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሏል።

"ሳጥን ፎቶ ላይ ምን ያሳያል? ዕቃው ይታይ እንጂ!" አለ አለቃዬ።

ጥቁሩን ወረቀት እያስላጠ ብልቃጦቹን በነጭ ሳቲን ጠረጴዛ ላይ በፕላስቲክ አበባ መሃል አስደረደራቸው። ድንኳኑ ሥር ጨለማ ነው ብሎ ጠረጴዛውን ወደ ውጭ አስወጣው። ባዶ የቀረው የበረዶ ሳጥን ያሳዝናል መሰለኝ፣ የእንግዶቹን የታሸገ ውሃ አስገባበት። ውሃው በረዶ ውስጥ፣ አንቲቦዲው ፀሐይ ላይ። ይህን ከጎን ቆሜ አየሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን መፍራት አልችልም ነበር። ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው። ይበለው፣ ሲበላሽበት እናያለን፣ የዚያን ጊዜ ለበላዮቹ ምን ሊል ነው እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። የማን ደም በዚያ ብልቃጥ እንደሚለካ ትዝም አላለኝ።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። እስከዚያ ድረስ ብልቃጦቹ አጠገብ የተቀመጡት መሪጌታው ብቻ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ብራና የሚጽፉና ተማሪ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይኼ በብልቃጥ ያለው ቀለም ነው?"

"ቀለም አለበት፣ የኔታ።"

"ታዲያ ፀሐይ አይበላውም? እኛ እንኳ የብራናውን ቀለም ጥላ ነው የምናውለው።"

"ይኼ ከእርስዎ ቀለም ጋር አይገናኝም። ሳይንስ ነው" አልኳቸው። ትክክል መናገራቸውን እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት። ብራና ሲፍቅ የኖረ ሽማግሌ የእኔን ሥራ ሊያስተምረኝ ማሰቡ አናደደኝ።

"ይሁን" አሉና ተነሥተው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ ያዙ። በራሳቸው ላይ ፀሐይ እየወረደ ለብልቃጦቹ ጥላ ሆኑ። ብዙም አልቆዩም፤ አለቃዬ መጥቶ "አባታችን፣ ለፎቶ አይመችም" ብሎ በትሕትና ጃንጥላውን አጥፎ ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ንግግር ነበር፣ ጭብጨባ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ብልቃጦቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ የመለስኳቸው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው።

በማግስቱ ሥራ ስጀምር በመጀመሪያ የምለካው የታካሚ ደም አይደለም። ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ደም አለን፤ አንቲቦዲው ደኅና ከሆነ ማሽኑ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ከግማሽ በታች ሰጠኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቀድሞው ዙር የተረፈች፣ ጠረጴዛው ላይ ያልወጣች፣ ቀኗም ያላለፈ አንዲት ብልቃጥ ነበረችኝ። ወደ አለቃዬ ሄድኩ።

"አዲሱ ተበላሽቷል። በአሮጌው ልሥራ" አልኩት።

"ትናንት የተመረቀ ዕቃ ዛሬ ተበላሸ ብዬ ልጻፍ? ማሽኑ ቁጥር ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም?"

"ሰጥቷል።"

"እንግዲያው ከዚህ አንጻር በአዲሱ ሥራ፤ ሪፖርቱ ሐሙስ ይደርሳል።"

አልፈርምም ማለት እችል ነበር። ፊርማው የእኔ ነው፣ ያለእኔ ፊርማ ውጤት አይወጣም። ተጠያቂው እሱ ነው ብዬ ፈረምኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስፈርም የማን እንደሆኑ አላሰብኩም፤ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው።

ከጽጽቃ በኩል የምትመጣ አንዲት ማር ነጋዴ ነበረች። ዕድሜዋ አርባን አለፍ ያለ፣ ባሏ የሞተባት። ደሟን ስቀዳ "ዶክተር" ትለኛለች፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን አላረምኳትም። የዚያን ሳምንት ደም ስትሰጥ እጅጌዋን እየሰበሰበች እንዲህ አለችኝ።

"ዶክተር፣ የባሌ ዘመዶች መድኃኒቱን ጣዪና ፀበሉን ብቻ ያዢ ይሉኛል። እኔ ሁለቱንም ነው የያዝኩ። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅሁ፣ ሰለቸኝ። እንግዲህ ዘንድሮ ቁጥሩ ካልቀነሰ አፋቸውን ይዘጋሉ። ከቀነሰ ግን የነሱን እሰማለሁ፤ ምን ብዬ እከራከራቸዋለሁ?"

ወረቀቷን ልትወስድ ስትመጣ "ቀንሷል እንዴ?" አለችኝ።

"ቀንሷል" አልኳት።

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አመስግናኝ ሄደች። እኔ ቀጣዩን ስም ጠራሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መሪጌታው ጃንጥላቸውን ይዘው ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ። እንዲቀመጡ ብጋብዛቸውም እምቢ አሉ። ማር ነጋዴዋ ታናሽ እህታቸው መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"መድኃኒቱን ከጣለች ሁለት ሳምንቷ" አሉኝ። "ጠርሙሱን እንዳለ ለባሏ እናት ሰጥታዋለች። ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። የሷ ደም የተለካው በዚያ ፀሐይ ላይ በዋለው ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"መበላሸቱን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ያን ለት ስጠይቅህስ?"

"ያን ጊዜም አውቅ ነበር፣ የኔታ።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር፤ ለሚጮህ ሰው መልስ አላጣም። እሳቸው ግን "እኔን መናቅህ ግድ የለም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ለምጀዋለሁ። ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። ደሟን እንደገና ለካ" ብለው ሄዱ። አፈርኩ። ካደግሁ ወዲህ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ፣ በተበላሸው አንቲቦዲ ለክቼ የፈረምኳቸው ውጤቶች ሁሉ እንዲሰረዙና ሰዎቹ በጤና ጣቢያዎቹ በኩል እንዲጠሩ በአለቃዬ አናት አልፌ ለበላዮቹ ጻፍኩ። አለቃዬ የፕሮጀክቱን ስም አጠፋህ ብሎ ደነፋ፤ ማስጠንቀቂያም ጻፈብኝ። የጻፈው ወረቀት ላይ ሳይቀር "ከዚህ አንጻር" የሚለው ሁለት ቦታ አለ። እሱን መናቄን አልተውኩም፤ የሚገባው ነው። ብቻ እንደ ድሮው አላስደሰተኝም።

ቅዳሜ ከገበያው አስቀድመው ሁለቱም መጡ። ደሟን ቀዳሁ። አሮጌዋን ብልቃጥ አወጣሁ፤ መጀመሪያ የመፈተሻውን ደም ለካሁ፣ ቁጥሩ ልክ መጣ። ቀጥሎ የሷን ለካሁ። እንዳምናው ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል። ሴትዮዋ መድኃኒቱን ብትጥልም ጊዜው ገና አጭር ስለሆነ ደኅና ነበረች። እኔ የሉም ስላቸው ሕዋሶቿ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ወረቀቱን አትሜ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። የምሥራች ይዤላት የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣለች። ወረቀቱን ተቀብላ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፤ የመጀመሪያውን አውጥታ ሁለቱን ጉልበቷ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"ይኼ ማኅተም አለው" አለች።

"አዎ፣ ግን እሱ..."

"ይኼኛውም አለው። የዚህ ፊርማ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"የዚህስ?"

"እሱም የኔ ነው።"

ማስረዳት ጀመርኩ። ቀለሙን፣ ፀሐዩን፣ ሳቲኑን፣ ውሃውን፣ አለቃዬ ለፎቶ ሲል ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ አለቃዬ ሳወራ አንደበቴ ይፈታል፤ ሳላስበው ብዙ አወራሁ። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አንተስ የት ነበርክ?" አለችኝ ስጨርስ።

"እዚያው ነበርኩ።"

ወደ ወንድሟ ዞራ በኽምጣና አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። አጭር መልስ ሰጧት። ደግማ ጠየቀቻቸው፣ አሁንም ረጋ ብለው መለሱላት። ሦስት ዓመት እዚያ አገር ኖሬ ከቋንቋቸው አንዲት ቃል ለመማር አልፈለግሁም ነበርና አፍ አፋቸውን እያየሁ ቆምኩ። በመጨረሻ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አድርጋ ዘረጋችልኝ።

"መድኃኒቱን ዛሬውኑ እጀምራለሁ" አለች። "ወንድሜ ጀምሪ ስላለኝ ነው። የአንተን ወረቀት ግን ውሰደው፣ ሁለቱንም።"