አንገቷ ላይ ያለው ፍላሽ

ወጣቱ መምህር ፍላሹን ኮምፒውተሯ ላይ ሊሰካ ሲል፣ በሱቋ ከፍላሽ ቫይረስ የምታጸዳዋ ሴትዮ እጁን መታችው። ፊቷ ጠቁሯል፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ፍላሽ ደረቷን ይደበድባል።

«በየማተሚያ ቤቱ ስታዞረው ከርመህ እዚህ ዘው? ከመሰካት መፈተሽ ይቅደም።»

ነጥቃው ለዚሁ ብላ ባስቀመጠችው አሮጌ ኮምፒውተር አጸዳችለት፤ አፏ ግን ከእርግማን አላረፈም።

መምህሩ ነገር ለማብረድ ብሎ፣ «አንገትዎ ላይ ያለውስ ንጹሕ ነው፣ እትዬ?» አላት።

እጇ ቀጥ አለ።

«ንጹሕ ነው። እንዳንተ ያለ ችኩል ያስገባብኝን ቫይረስ አጥፍቼዋለሁ። ቫይረሱ የቆለፈውን ፋይል ግን ማንም ሊከፍትልኝ አልቻለም። ልጄ በሕይወት ሳለ ሲስቅ የቀዳሁት ድምፁ ነበር፤ ሌላ የለኝም።»

የእሱን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«እንካ። ያንተ ይከፈታል።»