ለአማት የወሰድኩት ሩቢ

አምቦ አስተማሪ ሳለሁ፣ ደንከል በረሃ የሚመላለስ ሾፌር ጓደኛዬ ጡጫ የሚያህል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ድንጋይ ሰጠኝ። «ፈረንጆች በመስታወት ሣጥን የሚያስቀምጡት ነው» ቢለኝ፣ ሩቢ የሚሉት ቀይ ዕንቁ ነው ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጎጆ ከተማ ሄጄ የምወዳትን ጫልቱን በሽማግሌ ለማስጠየቅ ከዚህ የበለጠ እጅ መንሻ ከየት ይመጣል! እንደ ደንቡ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እኔ ግን ድንጋዬን ለማንም ስላላመንኩ ተከትያቸው ሄድኩ።

አባቷ ኦቦ ቶለሳ አገላብጠው አዩትና «እስቲ በፀሐይ ልየው» ብለው ወጡ። እኛም ተግተልትለን ወጣን። እጃቸውን ወደ ፀሐይ ሲዘረጉ፣ ደጅ የታሰረችው ላም አንገቷን አስግጋ ድንጋዩን ላሰችው።

«ኧረ ሩቢዬን!» ብዬ ጮህኩ።

ላሟ ምን ገዷት፣ ዓይኗን ጨፍና ትልሳለች። ኦቦ ቶለሳ ድንጋዩን ከምላሷ አስጥለው እሳቸውም ቀመሱት።

«ጨው ነው!»

ሽማግሌዎቼ አቀረቀሩ። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው! ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እጅ መንሻ የሚያመጣው ለእኔ ነው። ለላሜ ያሰበላት አንተ ብቻ ነህ፤ ልጅቷን ሰጥቻለሁ!»