የሂና ነጥብ ያለበት ቤዝ

ከደሴ የሚመጣ ከባድ መኪና ቤታችን ፊት ለፊት ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቆም፣ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይንሿሿሉ። ሌላው ሰው መኪናውን ይረግማል፤ እኔ ግን አባቴ ከሥራ የገባ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሁ ብርጭቆዎቹን የሚያንሿሿቸው የአባቴ ቤዝ ጊታር ነበር፤ ወፍራሙን ክር ሲነካው ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በእግር ይሰማ ነበር፣ እናቴም ከጓዳ ሆና «ያ ሰይድ፣ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ወላሂ ከራስህ አልወርድም!» ትል ነበር።

አባቴ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ራዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። እኔ ሳልወለድ ግን ደሴ በአንድ ሆቴል ከሚጫወት ባንድ ጋር ቤዝ ይመታ ነበር፤ ባንዱ ሲበተን ጊታሩን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጊታሩ ያኔም አሮጌ ነበር፣ ክንድ በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ ከተጣሉ ራዲዮኖች ስፒከር ለቅሞ በሠራው ማጉያ ላይ ሰክቶት መግሪብ እስኪደርስ ይጫወት ነበር። ከእኔና ከብርጭቆዎቹ በቀር ሌላ አድማጭ አልነበረውም።

ክረምት ሲገባ ከጨፋ ራዲዮ ይዞ የሚመጣ ገበሬ ስለማይኖር አባቴ ቤት ይውል ነበር። ከእነዚያ ክረምቶች በአንዱ፣ በጊታሩ አንገት ላይ ተጋድመው የጣቱን ስፍራ የሚከፍሉት ቀጫጭን ብረቶች ተበልተው አለቁና ድምፁ ይንጫጫ ጀመር። የሚተካቸው ስላልተገኘ አባቴ በፒንሳ አንድ በአንድ ነቀላቸው፣ ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፈነ፣ አንገቱንም እስኪነጣ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። እናቴ አይታ «ጥርሷን አውልቀህ አስቀረሃት!» አለች። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ባቲ የሚባለውን ቅኝት ሲጫወት ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይሰናከል ይንሸራተትለት ነበር። «ባቲ ድሮም ደረጃ የለውም፤ ቁልቁል ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ብረቱ እያለ ጣት በሁለት ብረት መሀል የትም ቢያርፍ ድምፁ ልክ ነው፤ ብረቱ ሲወጣ ግን ጣት ማረፍ ያለበት ራሱ ብረቱ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ የስንዴ ፍሬ ታህል ብትስት ይበላሻል። ስለዚህ አባቴ ብረቶቹ የነበሩበትን በእርሳስ እያሰመረ ይለማመድ ነበር፤ ላቡ መስመሩን ያጠፋበታል፣ በማግሥቱ እንደገና ያሰምራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማየው መስመሩ ሲጠፋና አባቴ ሲቸገር ብቻ ነበር።

አዝመራው ሲሰበሰብ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የባንድ መሪ ከደሴ ወደ ቤታችን መጡ። አባቴን በድሮው ሥራ ያውቁታል። «ሰይድ፣ ጥር ላይ እዚሁ ሰፈራችሁ ሰርግ ይዘናል፤ ቤዝ የሚመታ የለኝም። መጥተህ ምታ፤ ከሆነልን ከእኛ ጋር ደሴ ትመለሳለህ» አሉት። አባቴ «ኢንሻአላህ» ብቻ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋ ነበር፣ በእንቅልፍ ልቡ ጣቶቹ እንደሚንቀሳቀሱ እናቴ ነግራናለች፣ እኔንም ደሴ የሚያስገባኝን ትምህርት ቤት መርጦልኝ ነበር።

ጥር መጣ፤ ሙሽራዋ የጎረቤታችን ልጅ ሀሊማ ነበረች። በሂናዋ ቀን ሴቶቹ እየዘፈኑ እጅና እግሯን ሲያስጌጡ፣ ለእኛ ለልጆቹ መዳፋችን መሀል አንዳንድ ነጥብ አደረጉልን። ላብ ያጠፋዋል ብዬ ስፈራ አክስቷ «አብሽሪ፣ ይቺ በሳሙናም አትለቅ!» አለችኝ። ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። የተረፈውን ሂና በቆርኪ ይዤ ቤት ሄድኩ፤ አባቴ የጠገናቸውን ራዲዮኖች ሊያደርስ ጨፋ ሮቢት ገበያ ወርዶ ነበር። በክብሪት እንጨት እየነከርሁ፣ የጊታሩን አንገት በክሮቹ ሥር ነጥብ በነጥብ አደረግሁት። የእርሳሱ መስመር የብረቱ ምትክ ስለመሰለኝ፣ ድሮ የአባቴ ጣት ሲያርፍ እንደማውቀው ነጥቦቹን ሁሉ ያስቀመጥኳቸው በመስመሮቹ መሀል ነበር። አባቴ ደክሞት መጣ፣ ክሮቹ ይረፉ ብሎም ጊታሩን አልነካውም። ጠዋት የደረቀውን ሂና ከነእርሳሱ መስመር ጠርጌ ጊታሩን በፎጣ ጠቀለልሁት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ምሥጢሬን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

በሰርጉ ዳስ ውስጥ አባቴ ፎጣውን ሲፈታ አየሁት። የጊታሩን አንገት በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ፣ ምራቁን ቀብቶ ደግሞ አሸው፣ ከዚያ ቀና ብሎ መዳፌን አየ። ጋሽ ተፈራ «እንጀምር!» አሉ። በመጀመሪያው ዘፈን የአባቴ ዓይን ነጥቦቹን፣ ጣቱም ዓይኑን እየተከተለ ድምፁ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ወረደ፤ ጋሽ ተፈራ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት። ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ አባቴ ዓይኑን ከጊታሩ አንስቶ እኔ ላይ ተከለ፣ ሰርጉ እስኪያልቅም አላነሳም። ድምፁ ተስተካከለ፣ ሰዉም ጨፈረ። እኔ ግን መዳፌን ጨብጬ፣ ጥፋቴን ሳላውቀው፣ ከቆምሁበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ።

ሲለያዩ ጋሽ ተፈራ «እጅህ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ግን... እስቲ ሰው እልክብሃለሁ» አሉት። አልላኩም። በኋላ እንደሰማነው፣ ቤዙን በግራ እጁ የሚመታ ኪቦርድ ተጫዋች አገኙ። ያስቀረው ኪቦርዱ ይሁን ነጥቦቼ እስካሁን አላውቅም፤ በዚያ ክረምት ግን አባቴ ብርጭቆዎቹን ያንሿሿበት ቀን ጥቂት ነበር፣ ያም እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድም ቀን አልተቆጣኝም፣ ነጥቦቹንም አሽቶ አላጠፋቸውም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በሰርጉ ለምን እንዲያ እንዳየኝ እያለቀስሁ ስጠይቀው «የተቆጣሁሽ መስሎሽ ኖሯል?» አለኝ። «ነጥቦቹን እንዳላይ ዓይኔን የማሳርፍበት ፈልጌ ነው እንጂ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማን ላይ ላሳርፈው?»

ዛሬ ቤዙ የእኔ ነው፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል። አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ አይቶት እንዲህ ያለ አሮጌ ጊታር በብዙ ገንዘብ እንደሚፈለግ ነገረኝ፣ ነጥቦቹንም በአንድ ቀን አጠፋልሻለሁ አለኝ፤ አልፈቀድኩም። ከሥራ ስመለስ በተገዛ ማጉያ እጫወትበታለሁ። ነጥቦቹ ፈዘው ሻይ የፈሰሰባቸው ይመስላሉ፣ ዓይንን መሳባቸውን ግን አልተዉም፤ ስለዚህ እኔም ቀና ብዬ በር ላይ የምትቀመጠውን ልጄን አያለሁ። በቀደም እንዲሁ ሳያት የቤት ሥራዋን ጣል አድርጋ «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። «ምንም፤ አብሽሪ፣ እዚያው ቁጭ በይ» አልኳት። እኔ ይህችን ጥያቄ ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ እሷ ሁለተኛው ዘፈን እስኪያልቅ እንኳ አልታገሠችም።