የብዙነህ ፈጣን እጅ

ብዙነህ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጫት ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። ታዲያ ደመወዙ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው የት ይገባል? እሱ እንደሚለው ከሆነ የምታባክነው ሚስቱ ሰብሌ ናት።

"ሽንኩርት በዛ፣ ሳሙና በዛ" ሲላት የኖረችው ሰብሌ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ጎረቤት ተሰባስቦ ለሚገዛው የመስቀል በሬ የባሏን መዋጮ ሁለት ዓመት የሞላችው እሷ ናት፤ ያውም ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ ከሚወስዱበት ማኅበር ያጠራቀመችውን ቅቤ ሸጣ።

"ዘንድሮ ቅቤዬን አልነካም" አለችው። "መዋጮውን ካልጨረስክ ከበሬው ትወጣለህ፤ ልጆችህም መስቀልን የጎረቤት ሥጋ እያሸተቱ ይውላሉ። እስቲ የምታወጣውን ሁሉ አንድ ወር ጻፈው።"

ጻፈ። የመሥሪያ ቤት ሰው ነውና መጻፍ አያቅተውም። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ገልጦ አነበበ። የቢሮ ጓደኛው የኃይሉ ሻይ። የማኅሌት ማኪያቶ። የእትዬ አበራሽ ባጃጅ። እንደገና የኃይሉ ሻይ፣ እንደገና የእትዬ አበራሽ ባጃጅ። ለራሱ ያወጣውን ቢፈልግ አንዲት ሊስትሮ ብቻ አገኘ። ደግነት ነው እንዳትሉኝ። ሒሳብ ሲመጣ ሰው "ኪሱ ባዶ ነው" እንዳይለው እየፈራ እጁ ቀድሞት ኪሱ ይገባል። ቆጣቢ ነኝ ሲል የኖረው ሰው ለካ የይሉኝታ ሎሌ ነው። በሰብሌ ላይ ያሳበበው ሽንኩርት ሁሉ ትዝ ብሎት አፈረ።

ደመወዝ እንደወጣ የመጨረሻውን መዋጮ ይዞ ወደ ሰብሳቢው ወደ ጠና ሱቅ ሄደ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ እትዬ አበራሽ ተቀምጠዋል፤ አራተኛ ክፍል ያስተማሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ ሮጠ። እትዬ አበራሽ ክንዱን ያዙት።

"ተው ብዙነህ፣ ዛሬ እኔ ልክፈል።"

"ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው።"

"ነውሩስ ያንተ ነው። አንተ ያለህበትን ባጃጅ እያሳለፍኩ በእግሬ የሄድኩበትን ቀን ብታውቅ! ሁልጊዜ ሲከፈልልኝ እሳቀቃለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንጂ ለማኝ አልሆንኩም፣ ልጄ።"

ብዙነህ የሚገባበት ጠፋው። ለካስ የሱ ይሉኝታ አስተማሪውን በእግር ያስኬዳል። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እትዬ አበራሽ ከቦርሳቸው ብር አውጥተው "የሁለት ሰው" ብለው ለሹፌሩ ሲሰጡ፣ ድሮ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳ ፊት እንደሚቆሙት ቀና አሉ። ብዙነህም ለአፉ አዲስ የሆነ ቃል ተናገረ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።"

መዋጮው ሳይሸረፍ ጠና እጅ ገባ። ቤት ሲደርስ ደብተሩን አውጥቶ "ባጃጅ፦ እትዬ አበራሽ ከፈሉልኝ" ብሎ ጻፈና ለሰብሌ አቀበላት። "የሽንኩርቱን ነገር ይቅር በይኝ" አላት።

ሰብሌ አንብባ እስክትጠግብ ሳቀች።

"እንግዲህ ቅቤዬ ዘንድሮ ክትፎ ላይ ሊውል ነው" አለች።